ኤግዚቢት ቁጥር አሥራ ሰባት

ሚያዝያ ላይ ነው የያዘኝ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
ሳጅን እንየው ካሴ፣ ደንገሉ ውስጥ አድፍጦ ኖሮና።
«ይሄ ዐይነ ጠባብ መረብ ጨቅላውን ይጨርሳል፤
ታንኳውም እንደ ጌታው ጣቢያ ይደርሳል።»

ግንብ አስደግፈው ቁጥር ለጠፉባት፤
«ኤግዚቢት» አሏት፣ አሥራ ሰባት።
እኔን በዋስ ለቀቁኝ። እሷ ግን ዋስ አጣች፤
ከተሰረቀ ሞተር ጎን እንደ ብቅል ተሰጣች።

«ሐይቅ ዳር ቆመህ ውሃ ይጥማህ» ብዬ ረገምኩት፤
ለሱ ያልኩትን ጥም ሐምሌ ላይ በሰፈሬ አየሁት።
ዝናቡ የመጸዳጃውን ጉድጓድ አጥቦ ሐይቁ ላይ ደፋ፤
በሳምንት ውስጥ ሰው እንደ ጨው ሟሙቶ ጠፋ።
ሐኪሞቹ «አተት» አሉት። እኛ ስም ነፈግነው፣
«ያ ነገር» እያልን በሹክሹክታ ጠራነው።

መንገዱ ተቆረጠ። የጣቢያው መኪና ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤
የወደቡ ጀልባ ነዳጅ አጥቶ ቆመ።
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በሬ ተንኳኳ፤
ሳጅኑ ነው። በሱና ባንድ ምልምል ትከሻ የኔው ታንኳ!
«ደግሞ ምን ሠራሁ?» አልኩት፣ እጄን አጣምሬ፤
«አንተ ቅዘፍ» አለኝ፣ «እኔ ጭነት ነኝ ዛሬ።»

ጭነቱ፦
ሁለት ካርቶን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በዝናብ ልብስ የተጠቀለለ፣
አንድ ጀሪካን ክሎሪን፣
ጫማውን በክሩ አስሮ ባንገቱ ያንጠለጠለ
አንድ ዋና የማይችል ፖሊስ።

ጣቢያ የደረቀች ታንኳ እንደ ላባ ቀለለች፤
ፀሐይ ስትጠጣ ከርማ ውሃ ረስታ ነበረች።
ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ጨለማው ውስጥ፣ ጉማሬ ተነፈሰ፤
የሳጅኑ እጅ ወደ ሽጉጡ ገሰገሰ።
«ተው» አልኩት፣ «እሱም ያካባቢው ነዋሪ ነው።»
ሳቀ። ለካ ሳቁ የልጅ ነው።

ማዶ፣ እህቴ አንጓች ያገባችበት መንደር፣
ሴቶች ጀሪካን ይዘው ወርደው ነበር።
ምንጩ ዙሪያ ገመድ ሲዘረጋ ድንጋይ አነሱ፤
«ታንኳ አሰራችሁ፤ ውሃም ልታስሩ ነው?» ብለው ወቀሱ።
አንዷ ወረወረች። ግንባሩን አገኘችው።
ደሙን በእጅጌው ጠረገ። ቆመጡን ከወገቡ መዘዘ።
ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

እሱ ክሎሪኑን ለክቶ በርሜሉ ውስጥ ጨመረና
በቆመጡ፣
አዎ፣ በዚያ ጀርባዬ በሚያውቀው ቆመጥ፣
እንደ ገንፎ ያማስል ጀመር፣ ሳይቆጣ፣ ሳይቀመጥ።
ግማሽ ሰዓት ቆጠረ። መጀመሪያ ራሱ ጠጣ፤
ፊቱን አጨማደደ። ከሴቶቹ መሃል ሳቅ ወጣ።

ለአንጓች አማት ግን አልደረስንላቸውም።
ቀባሪ ሸሸ። እሱና እኔ ቆፈርን፤
ዱዓውን እኔ አደረግሁ፣ እሱ ኮፍያውን አውልቆ ዳር ቆመ።
ከዚያ ካንድ ጀሪካን እጃችንን ታጠብን።

አሥራ አንድ ቀን ተመላለስን። ታንኳዬ ውሃ ጠጥታ ከበደች፤
በአሥራ ሁለተኛው፣ ጭነቷን ካራገፈች በኋላ፣ ዳር ላይ ተናደች።

ጥቅምት ላይ ፍርድ ቤት ቆምኩ። ሳጅኑ መሰከረ፤
አንዲት ቃል ሳይቀንስልኝ፣ የመረቡን ዐይን በጣቱ እየለካ ተናገረ።
አራት መቶ ብር ተቀጣሁ።
«ኤግዚቢቱስ?» አሉ ዳኛዋ።
ጉሮሮውን ጠረገ። መዝገቡን ገለጠ። በራሱ እጅ ጽሑፍ፦
«አሥራ ሰባት ቁጥር። ለሥራ ወጣች። አልተመለሰችም።»
«ወጣች» ብሎ ነው የጻፋት።
«ወጣ» አላለም።

አሁን አዲስ ደንገል አጭጄ፣ አስሬ፣ ሌላ ሠርቻለሁ፤
ለማድረቅ ግን ከጣቢያው ግንብ የተሻለ ፀሐይ የት አገኛለሁ?
ዛሬ ጠዋት አስደገፍኳት። ዘቡ «ምን ልሁን ነው?» አለኝ፤
«ቁጥር እንዳትለጥፉባት» አልኩት። ሳጅኑ በመስኮት አየኝ።
እኔን እንኳ አይደለም፤
ትከሻዬ ላይ ያለውን መረብ፣ የዐይኑን ስፋት።