ቀላድ በጨረቃ

አጎቴ ይስማው ሲሞት ያወረሰኝ
አንድ የክር ካርቶን ነው፤ ስከፍተው አስነጠሰኝ።
ሦስት ደብተር ወጣ፣ ጠርዙን ዘይት የነካ፤
ቀን በጨርቃጨርቁ ድርና ማግ ሲለካ
ማታ ማታ ደግሞ ያልመጣ ዘመን ለካ።

በስልሳ አንድ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲያጓራ፣
«ሰው ጨረቃ ወጣ» ሬዲዮው ሲያወራ፣
እሱም መርከብ ሠራ።

ብረት ሲበር ብዙ አላየም፣ ዓይኑ ከሐይቁ አይርቅም፤
ከታንኳ በቀር የሚንሳፈፍ አያውቅም፤
ጎኗን በደንገል አስጠፈረ፣ ሆዷን በጢስ ዓባይ መብራት አሞቀ፣
ድምጿን ከሽመናው ክፍል ተዋሰላት፤ ጧ ጧ ስትል
ሽምብጥ ዳር ጉማሬው ራሱ ጠለቀ።

ደረሱ።
ጨረቃ ባዶዋን አልቆየቻቸውም፤
ባለ ካባ ቀድሞ ቀላድ ጥሎባታል፣
ጉድጓዷን በጋሻ በጋሻ ከፍሏታል።
ያገሬው ፍጥረት፣ ሦስት እጅ ያለው፣ ቆዳው አረንጓዴ፣
አቧራ ያርሳል፤ እኩሌታውን ለጌታው ይሰፍራል፣
ደጅ ይጠናል፣
«ጌታዬ ይሙት» ብሎ ይምላል።

ስስቅ አነበብኩት፤ ኋላ ሳቄ ከሰመ።
ከዋክብቱን ሁሉ ተሻግሮ እያለመ
ጌታ የሌለበት መሬት ግን አላለመም።

«ጨረቃ ላራሿ!» ይላል አንዱ ፍጥረት፣ ገጽ አርባ ሁለት፤
ሳንሱሩ በቀይ እርሳስ እዚያ ላይ ነው የወጋት።
ከጎኗም እንዲህ ይላል፦ «ይህ አራሽ የማን ዜጋ ነው?
ግብሩንስ ለማን ያገባል?»
ታሪኩ አልታተመም።
በዚያ ዓመት የታተመው አቡጀዲ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ደብተር፣ ስልሳ ዘጠኝ።
ያችው መርከብ፣ ያችው ጨረቃ፤
ባለ ካባው ተሰርዞ «ሊቀ መንበር» ተብሏል፣
ወንበሩ ግን ያው ነው፣ እግሩ እንኳ አልተነካ።
ፍጥረቶቹ ተሰልፈው ግራ እጅ እንዲያነሱ ታዘዋል፤
ሦስት እጅ ያለው ሰው የቱን ያንሳ? ተጨንቀዋል።
የጨረቃ ሌሊት አሥራ አራት ቀን ነው፤
ከፖሊቴክኒኩ ሩሲያዊ መምህር ጠይቆ ያገኘው፤
ሰዓት እላፊውም አሥራ አራት ቀን ሆነ።
አንዲት እናት፣ ልጇ ያልገባ፣
አሥራ አራት ቀን ሙሉ የበሩን እጀታ እንደያዘች . . .

ቀጣዩ ገጽ የለም። ተቀድዷል።
እሱ ይቅደደው ሌላ፣ ስፌቱ ላይ የቀረችው ቅዳጅ
አትናገርም።

እኔም ግን ቅሬታ አለኝ፣ አጎቴ ሆይ፣ ስማኝማ፦
ጠብታ ውሃ በሌለባት፣ በዚያች ደረቅ ከተማ፣
ሴቶችህ እንስራ አዝለው ምንጭ ይወርዳሉ!
መቶ እንዝርት ብቻዋን የምታዞር ጥሩአየር
ካንተ ማሽን ጎን አልነበረችም ወይ? አንድ መሪ እንኳ አላስጨበጥካት።
አደምስ? ደንገሉን ያጨደው፣ ጎኗን የጠፈረው፣ ወይጦው አደም፣
ሁሉ ሲሳፈር «በደህና ግቡ» ብሎ
ዳር ላይ ቀረ።
ክፉ ሰው አልነበርክም፤ ወንበር አልነፈግከውም፤
ወንበር ይገባዋል ማለት አልመጣልህም።
የሚበሉበት ገበታ ለየቅል በሆነበት ዳር
የሚበሩበትም ለየቅል ነበር።

ሦስተኛው ደብተር ባዶ ነው።
ዛሬ ማታ፣ እምቦጩ ዳሩን አልብሶት፣ ስልኬ መስመር አጥቶ፣
«ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት» ብዬ ጀመርኩ፤
መሪውን ለጥሩአየር፣ ከጎኗ ያለውን ወንበር ለአደም ሰጠሁ፤
ደስም አለኝ፣ ካጎቴ የተሻልኩ መሰለኝ።
ተነሣን። ሐይቁ ከበታች ሳንቲም አከለ።

ከምድርና ከጨረቃ መሃል ገመድ ተወጥሯል።
ኬላ።
ፊቱን በሻሽ የሸፈነ ወጣት «መታወቂያ» ይላል፤
«ከየት ናችሁ?» ይላል።

ሰረዝኩት። ደግሜ ሰረዝኩት።
ገጹን ስገልጥ ገመዱ አለ፣
እንደ ቀላድ ተጎንጉኖ፤
አደም ኪሱን እየዳበሰ ነው።