ሰባት ቁጥር

ነሐሴን በሙሉ፣ ቡሮስ እያካፋ፣
ስንት ፎቅ ወጣሁኝ፣ እግሬ እስኪነፋ፤
በያንዳንዱ ደጃፍ፣ በደብዳቤ ቀዳዳ፣
የጉኒላን ፎቶ ሳስገባ እንደ እንግዳ።
ከፎቶዋ በታች በደማቁ መስመር፣
«ሰባት ቁጥር አይቀርም! ቃሌ ነው» ይል ነበር።

ሌሊቱን አረጋውያን ሳገላብጥ አድራለሁ፣
ጎሕ ሲል በሰባት ቁጥር ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ከዚያ ኅዳር መጣ። የበጀቱ ሌሊት።
ከምክር ቤቱ ሰገነት፣ ከሕዝብ መቀመጫ፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅበት፣
ሚሊዮን ሲቀነስ፣ ሚሊዮን ሲገለበጥ፣
አይኔ እየከበደ ተቀመጥኩ ሳዳምጥ።
«አንቀጽ አሥራ አራት፤ የሌሊት መጓጓዣ።»
ሰብሳቢው ሲያነበው ድምፁ የለው ለዛ።
«የሚደግፍ?» አለ።
ጉኒላ፣ ጓዴ፣
እጇን አወጣችው። ቀስ ብላ። አንዴ።
ሹራቧን አወቅሁት፤ እኔ ነኝ የገዛሁላት፣
በስልሳ ዓመት ልደቷ ኬክ ሳጎርሳት።

ተቃዋሚው ቢሆን፣ ያ ክራቫታሙ፣
ስድብ ሞልቶኝ ነበር ለሱና ለስሙ፤
ለወዳጅ ግን ምን ይባላል?
ምላስ ላይ የቀረ ቃል ጨው ጨው ይላል።

በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዘችና፣
«መደራደር እኮ ነው» አለችኝ በትሕትና፤
«መዋኛውን አዳንን፣ ሰባትን ለቀቅን፤
ያለዚያ በጀቱ ወድቆ፣ አብረን በወደቅን።»
እኔ ዋና አልችልም። ይህን አላልኳትም።
በጀት ነው ይሉታል፤ እኔን አልበጀኝም።

በመስከረም ድምፄን ሰጠሁ፤ እንግዲህ ሰው ምን ይላል?
ድምፁን ሰጥቶ ሲያበቃ በምኑ ይጮኻል?

አሁን በረዶ ነው። ከሥራ ስወጣ፣
ፌርማታው ቆሟል፤ የሚቆምለት አጣ።
የሰዓት ሰሌዳውን ገና አልነቀሉትም፤
«አምስት ከአሥራ ሁለት» ይላል። ይዋሻል። አልፈርድበትም፤
እሱ አልተመረጠም።

ትናንት ካርቶን መጣልኝ ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት፤
«አባል ይሁኑ» የሚል፣ ያው ፎቶ፣ ያው ሹራብ ያለበት።
ልጄ ሶስና «አቃጥዪው» አለች። በየትኛው እሳት?
ቤታችን ራዲያተር ነው።
አንዱን ወረቀት አነሣሁ፤ ፈገግታዋን አየሁት፤
ለረጅም ጊዜ አየሁት።
መለስኩት።

ካርቶኑ በር ሥር ነው፤ እርጥብ ጫማ አኖርበታለሁ።
ማክሰኞ ስብሰባ አለ።
በእግሬ እሄዳለሁ።