የጠጠር መዝገብ

ከላ ፓዝ አውቶቡስ ወርጄ ቺልካፓታ ስደርስ
ሰኔ ነበር፤ ውርጭ ነበር፤ ትንፋሽ ሲታይ እንደ ጭስ።
በቦርሳዬ ሦስት ደብተር፣ መቅረጸ ድምፅ፣ የባትሪ ድንጋይ፣
አንድ የመምህሬ ደብዳቤ፣ ማኅተም የከበደው ከላይ።
ጥናቴም ስም ነበረው፣ የሚረዝም እንደ ገመድ፦
«በሐይቁ ዳር መንደሮች የጉልበት ብድርና ዘመድ»።

ዶኛ ሳቱርኒና ቾኬ በሯ ላይ ድንች ትልጣለች።
«ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅ?» አልኋት። ቢላዋዋን አቆመች፤
«የማን ልጅ ነህ?» «ሊሳንድሮ...» «ስምህንማ ሰማሁ፤ የማን?»
«እናቴ ከሐይቁ ማዶ ናት። ከተማ ስትገባ ቋንቋውን
ያስንቃል ብላ ዋጠችው፤ እኔ ጋ አልደረሰም።»
አላዘነችልኝም። ፊቷ አልጠቆረም፣ አልፈካም።
ከደጅ አንድ ጠጠር አንሥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች፤
እኔ ለምን እንደሆነ አልጻፍሁ፤ እሷም አልተናገረች።

ከዚያ ሥራ፤ ቤት ለቤት። የዘር ዛፍ ሣልሁ በእርሳስ፦
ሦስት ማዕዘን ለወንድ፣ ክብ ለሴት፣ ለሙት አንድ ጭረት ከራስ።
«ባልሽ መቼ ሞተ?» እላለሁ። «ድንቹ መሬት ውስጥ የጠቆረ ዓመት።»
«በስንት?» ትስቃለች፤ «ቁጥሩን አንተው ጨምርበት።»
አንድ ማታ በሻማ የራሴን ዛፍ ልሥል ሞከርሁ፤
እናቴን ክብ አደረግኋት። ከሷ በላይ
ነጭ ወረቀት።
ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያናግር ሰምቼ አደርሁ።

በውርጭ ሌሊት ድንቹን ሜዳ ላይ አስጥተው ያሳድሩታል፤
ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ይላላል፤ ያኔ እግር ይወጣበታል፤
ሽማግሌው፣ ሙሽራዋ፣ ልጁ፣ ውኃው ተጨምቆ እስኪፈስ፤
ደርቆ ሲጠቁር ዓመታት ያድራል፣ ሳይነቅዝ ሳይበሰብስ።
እኔ ዳር ቆሜ፦ «ረጋጮች ዐሥራ ሁለት፤ ሴቶች ሰባት»
ስጽፍ፣ «ዐሥራ ሦስት በል» አለችኝ፤ «ጫማህን አውልቅና ግባበት።»
ብርዱ ከተረከዜ ተነሥቶ እስከ ጥርሴ ወጣ።
የዚያን ዕለት ገጽ ባዶ ነው፤
የማን እንደሆነ ያላወቅሁት
አንድ የጭቃ ጣት ብቻ አለበት።

ቋንቋውን የጀመረኝ ዊልመር ነው፣ የልጅ ልጇ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፤
ላንድ ቃል አንድ ከረሜላ፤ ቀድሞ መክፈል ነው ሥርዓቱ።
«ናይራ ዓይን ነው፤ ደግሞም ድሮ ነው፣ ያለፈው ዘመን።
ኪፓ ጀርባ ነው፤ ነገም ነው፤ ማን አይቶት ያውቃል ጀርባውን?»
«እንዴት?» አልሁት። ግራ ገባው፤ ከዚህ የሚቀል ነገር የለ፤
«የበፊቱ በፊትህ፣ የኋላው በኋላህ ነዋ!» አለ።

ልሄድ ስል የመስኮቱ ደፍ በጠጠር ተሞልቶ አየሁ።
«ይሄ ምንድን ነው?» አልሁ። መልሱ ሳይመጣ አንድ ጨመረች፤
«ጥያቄህ ነው። ላንድ መልስ ያንድ ቀን ጉልበት» አለች፤
«ሰው ሰውን ሲጠይቅ ይበደራል። ያንተ አርባ ሁለት ደርሷል፣
የረገጥኸውን ቀን ቀንሼልህ።»
«እኔ እኮ ቅዳሜ ልሄድ...» «ይጠብቃል።
ዕዳ የትናንት ነው፤ ከፊትህ የት ይሸሻል? ሂድ።»
እውነቷን ነው፤ ሲሸኘኝ ዋለ ያን ሁሉ መንገድ።

በሠንጠረዥ አራት ግርጌ፣ ከተበዳሪዎቹ ተርታ
ስሜን ጻፍሁ። መምህሬ በቀይ ሰረዘው ባንድ አፍታ፦
«አጥኚው ከሚጠናው ጋር አይቆጠርም።» ጥናቱም አለፈ፤
መደርደሪያ ላይ ቆሞ አቧራ አቀፈ።

እኔ በየሰኔው ጫማዬን አውልቄ ድንቹ ላይ እቆማለሁ።
አምና ስድስት ቀን ረገጥሁ፤ ስድስት ጠጠር አነሣች፤
ስሰናበታት «ጉልበትሽስ ደህና ነው ወይ?» ብላት
ዝም ብላ ጎንበስ አለችና
አንዱን መልሳ አስቀመጠች።