ቡናማ ቀለበት

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ይበትናል፤
ነዚፍ በተበሳሳ ጋዋኑ ቆሞ ቱቦ ያጥባል።
«የቧንቧ ውሃ አትመኑ፤ አይበቃም ለምስክርነት፣
ራሱ ክሎራይድ አለበት፤ ያስፈርዳል በሐሰት።»
ግንባሩን ላብ ሲያረጥበው ፊቱን ያዞራል፣
ላብም ጨው ነውና ይመሰክራል።

አንድ ጠብታ የብር ናይትሬት፦
ነጭ ደመና፣ እንደ እርጎ የረጋ፤
አሞንያ ሲነካው የሚበተን፣ እንደ ጅሬን ጉም ሲነጋ።
ካርቦኔት ወሬ አይቋጥርም፤ አሲድ ሲያይ አረፋ ይደፍቃል፣
ትንፋሹ የገባበት የኖራ ውሃ ወተት ይመስላል።
ሰልፌት ግትር ነው፤ ባሪየምን አንዴ ከጨበጠ
በአሲድ ቢለምኑት እንኳ እጁን አልሰጠ።

ናይትሬት ግን ከማንም ጋር አይረጋም።
ዝም ብሎ ያልፋል።

የዚያን ቀን ቁጥር የሌለው ናሙና ይዤ መጣሁ፤
በሃይላንድ፣ ከሄርማታ፣ ከቤታችን ጉድጓድ፣
አባቴ በአንድ በጋ በዶማ ከቆፈረው፣
ሰፈሩ «የአባ ጊሳ ውሃ» ከሚለው፣
ፊት ከሚያሳየው።

ነዚፍ የብረት ሰልፌት ጨመረ። ቱቦውን አዘነበለ፤
ወፍራሙን አሲድ በግድግዳው ቀስ አድርጎ ቁልቁል ለቀቀ።
«አትነቅንቂው።»
ሁለቱ ፈሳሾች በተገናኙበት
ቀጭን ቡናማ ቀለበት
ታሰረ።

እልል ያለ አልነበረም።
«ከጉድጓዱ እስከ ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ነው?» አለኝ።
ቆጥሬው አላውቅም ነበር።
ማታ ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ።
በአባቴ እርምጃ ዘጠኝ ይሆናል።

እናቴ ጓዳ ውስጥ ለሁለት ወሩ ወንድሜ
የዱቄት ወተት ትበጠብጣለች።

አባቴ የጠቆሩ ጣቶቼን አየ።
«ሂና ነው? የማን ሰርግ ነው?»
«ብር ነው፣ አባ። ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል።»
«የኔስ ብር ለመጥቆር መቼ ይደርሳል፣» ብሎ ሳቀ፣
«ኪሴ ሳያድር ያልቃል።»

ሳቁ ሳይበርድ ነገርኩት።
«ውሃው ውስጥ ኔጌቲቭ አዮን አለ። ናይትሬት የሚሉት።»
«ኔጌቲቭ ከሆነማ አልሐምዱሊላህ!» አለ፤
ከጤና ጣቢያ የለመደው
የምሥራች መስሎት።

እንደገና ነገርኩት።
በጣሳ ቀዳ። ወደ አምፖሉ አነሳው። አየው።
ጥርት ያለ ነበር።
መልሶ አስቀመጠው፤ አልጠጣም፣ አልደፋም።

ሲነጋ ጉድጓዱ ክዳን ላይ ድንጋይ ነበር።
እኔ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሱ ከአዌቱ ማዶ ካለው ቦኖ
ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ፣ በዝናብ ተላለፍን።
ሰላም አላለኝም።
ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፦
እርምጃ ይቆጥር ነበር።