ሃምሳ ደቂቃ

ከሎድ እስከ ራሞን፣ በትኬቱ ጽሑፍ፣
ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው።
ሃምሳ ደቂቃ። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ብስኩት፣
ቀበቶ ማሰር፣ ቀበቶ መፍታት፣
ይኸው ነው።

እኔ ግን በሌላ ስፍር ነው የምሰፍረው፦
ስድስት ዓመት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣
ያንኑ አውሮፕላን ስጠርግ፣ ስወለውል፤
ሰባ ሁለት ወንበር፣ ሰባ ሁለት ኪስ፣
በየኪሱ የኤይላት አሸዋ፣
ማስቲካ፣ የሕፃን ካልሲ፣ የሆቴል በር ካርድ፣
አንዳንዴም ከቀይ ባሕር የተለቀመ ዛጎል።
ከእህቴ ከተማ የሚመጣ ሁሉ በእጄ ያልፋል፣
ከእህቴ በቀር።

ትርንጎ ትባላለች።
ያኔ እንደገባን፣ ጠረጴዛው ኋላ ያለው ሰው
ስሟን ሊለውጥ ብዕሩን ሲያነሳ
«ትርንጎ ምንድን ነው?» አላት በአስተርጓሚ።
«በዳስ በዓል በእጃችሁ የምትይዙት ፍሬ» አለችው።
ሳቀና ተወላት።
የአባታችንን ግን አልተወም፤
«እንግዳው» ከሚለው መካከል «ጋድ»ን ቆርጦ አወጣ።

የጠባችን መነሻ ይህች ናት፣ ብትሰሙ ትስቃላችሁ፦
ድንጋይ ጠራቢው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ
«ማን ልበል?» ሲል፣
እኔ «እንግዳው በል» አልኩ፣ እናቱ ያወጣችለትን።
እሷ «ጋድ» አለች። «አገሩ ገብቶ፣
አፈሩ ውስጥ ተኝቶ፣
ሰው በገዛ ቤቱ እስከ መቼ እንግዳ ነው?»
እኔም መለስኩ። ምን እንዳልኩ አልናገርም።
ክፉ ቃል ሲሄድ ሃምሳ ደቂቃ አይፈጅበት፤
ሲመለስ ነው መንገዱ የሚጠፋበት።
ጠራቢው ሲሰለቸው ሁለቱንም ጻፈ።
እሷ ኤይላት ወረደች፣ እኔ ሎድ ቀረሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የሠራተኞች ዕጣ ወጣልኝ፤
አለቃዬ ሉድሚላ ፖስታውን ስትሰጠኝ
«ሂጂ ባሕር እይ፣
ስድስት ዓመት ጠርገሽው አንድ ቀን አልተቀመጥሽበትም» አለች።

ተቀመጥኩ። ዘጠነኛ ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል።
እጄ ለምዶበት ኪሱን ዳበሰ፤ ንጹሕ ነው፣
ተረኛዋ ትጉህ ናት።
የሎድ ጣሪያዎች ከነውሃ ማሞቂያቸው አነሱ፣
ቤርሳቤህ ሳልጠግባት አለፈች፤
እኔ የመጀመሪያውን ቃል እፈልጋለሁ።
«እንዴት ሰነበትሽ?» ለስድስት ዓመት ሰነበትሽ ይባላል?
«ይቅርታ» ማን ቀድሞ?
«እህቴ» እዚህ ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋ።
ከበታቼ ምድር እንደ ገበቴ ተቦርቡራ
ጥላችን በላይዋ እንደ ዝንብ ሲሄድ፣
ብስኩቱ መጣ።

ሰባት ዓመቴ ነበር በእግር ወደ ሱዳን ስንሻገር፤
ትርንጎ አዝላኝ፣ ሌሊት ሌሊቱን፣
«አልደረስንም ወይ?» እያልኩ ጀርባዋ ላይ አለቅስባት ነበር፣
መንገዱ ረዘመ ብዬ።
ዛሬ ደግሞ አጠረ ብዬ
እንባዬን በብስኩቱ ወረቀት ጠረግሁት።

የኤዶም ተራሮች በግራ ቀሉ።
አብራሪው «መውረድ ጀምረናል» አለ።
«ገና ነው!» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ።
አጠገቤ የነበረ ወታደር፣ ጢሙ ገና ያላበቀለ፣
ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ
«ምኑ ነው ገና፣ እማማ?» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ።
ጎማው መሬት ነካ።

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ።
ሰዉ ወደ አውቶቡሱ ይጣደፋል፤
እስከ ከተማው ሃያ ደቂቃ ነው ይላሉ።
የወታደሩን እጅጌ ያዝ አደረግሁና
«ልጄ፣» አልኩት፣
«በእግርስ ስንት ይፈጃል?»