የጋሼ ልየው ሜትር

እናቱ ጥሩዬ ስሙን «ልየው» ስትል፣
ምኞት መስሏት ነበር፤ ሆነ የዕድሜ ውል።
አርባ ሁለት ዓመት ስሙን እየጠራች፣
ልየው እንዳለች ነው ሳታየው የሞተች።
እሱ ያን ሰሞን ኔፓል፣ ገደል ላይ ቧንቧ ሲያስር፤
ቴሌግራሙ ሲደርሰው ተዝካሯ ወጥቶ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ቢቸና የዕድር ጥሩንባ
የገበያውን ሁካታ ሰንጥቆ ሲገባ፣
በርበሬ ሰፋሪው እጁን አቆመና፣
«ማነው ደግሞ ልየው?» አለ ቀና አለና።
«ያ የውጭ አገሩ?» አለ አንዱ፤ «የውሃው?» አለ ሌላው፤
«ባርኔጣው ሰፊ፣ ጉድጓድ የሚለካው?»
አዎ፣ እሱ ነው።
ጉድጓድ የሚለካው።

ሲያወጋ አገርን በጥልቀት ነው የሚጠራው፤
«ማሊ» አይልም እሱ፣ «ስልሳ ሁለት ሜትር» ነው፤
ሌሶቶ «ሃያው»፣ ከጥቁር ድንጋይ ሥር ያለው፤
ቦሊቪያ «በረዶው»፣ ጧት ጧት ቧንቧ የሚሰብረው፤
ሱዳንን ሲያነሣ ግን ዝም ይላል። ጨው ነው።

ሰባት ፓስፖርት ነበረው ጥጉ የተቆረጠ፣
ቢጫ የክትባት ካርድ ላብ ያለበሰበሰው፣
ለስብሰባም ለለቅሶም አንድ ሙሉ ልብስ ነው።
ሌሊት ሲባንን «የት አገር ነኝ?» ይላል፤
የእህቱ ልጅ ከጓዳ «ቢቸና!» ስትለው፣
እሺ ብሎ ይተኛል።

እኔ የወረዳው የፓምፕ ጠጋኝ ነኝ።
ጡረታ በወጣ ሳምንቱ ቢሮ መጥቶ አገኘኝ፤
«የተሠራውን ተወው፣ የሞተውን አሳየኝ።»
ከሙጋ ማዶ፣ ከሱሃ ወዲህ፣ በእግር፣ በበቅሎ፣ በሞተር፣
ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም፣ እሱ ዝገት ሲሳለም ነበር።

አንድ ቀን በደረቀ እጀታ ላይ ተደግፎ፣
«ስማኝ፣ ይስማው» አለኝ፣ ላቡን በክንዱ ገፎ፤
«ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ጉድጓድ በእጄ ተመረቀ፤
ዛሬ ስንቱ ይቀዳል? እሱን ማን ጠየቀ?
እኔም አልጠየቅሁም፤ አውሮፕላን ነበረኝ።»
ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ምንም አልነገረኝ።

ከዚያ ክረምት ጀምሮ ደብዳቤ ያዘ መጻፍ፣
ለየመንደሩ ሽማግሌ፣ ለየጉድጓዱ አፍ፤
በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፤
«እጀታው ይሠራል ወይ? ጎማውስ አልተበጠሰ?»
ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ቴምብር መለጠፍ ሰልችቷት፣
«አባባ፣ መልስ አይመጣም» ብትለው፣ ሳቀላት፤
«እኔም ስንት ዘመን ነው እናቴን መልስ የነሣኋት።»

ሞተ።
በጥቅምት፣ ጤፉ ሳይታጨድ፣ ጧት።

ቆፋሪዎቹ «ስንት ይውረድ?» ቢሉ፣ ሜትሩን ከኪሱ አወጣሁ፤
ሃምሳ ሜትር ነው ጥቅልሉ፤ ሁለቱን ብቻ ሰጠሁ።
ቀሪው አርባ ስምንት ተመልሶ ተጠቀለለ፤
ያን ሁሉ ምድር የጠለቀ ክር፣ እዚህ ላይ ይበቃኛል አለ።
ማንም ሳያየኝ ደግሞ ወደ ጎን ዘረጋሁት፤
ከጥሩዬ መቃብር አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ለካሁት።

አርባው ካለፈ በኋላ የፖስታ ቤቷ ልጅ ጠራችኝ፤
ቴምብሩ ላይ ፈረስ ያለበት ደብዳቤ ሰጠችኝ።
ከሌሶቶ ነው፤ ተማሪ፣ በእርሳስ የጻፈው፤
የእንግሊዝኛው መምህር ቆሞ ተረጎመው፤
«ጉድጓዱ አለ፤ ውሃው አለ፤ እጀታውም ይሠራል።
ጎማው ግን አልቋል፤ ግማሹ ይፈሳል።
የጻፉልን አያት፣ ካሉ፣ ይላኩልን።»

ካሉ።

የኢሱዙ ከመነዳሪ ለምኜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣
ልኩን በእሱ ሜትር ሁለቴ አረጋግጬ፣
ፖስታ ቤት ሄድሁ። «ላኪ» ከሚለው ቃል ሥር፣
እስክሪብቶዬን ይዤ ጥቂት አሰብሁና፣
«ልየው» ብዬ ጻፍሁ፤
«ቢቸና።»