የኋለኛው

ፊት የሚመራው ዱካሞ ነው፤
አምና የተሰበረ እግሩን ወጌሻ አሽቶ ያዳነው።
እንግዶቹ መሐል ናቸው። እኔ መጨረሻ፣ አቧራ እየቃምኩ የምጓዝ፤
ኋላ ቀር፣ በደመወዝ።
የወደቀ አነሣለሁ። የረገፈ ብሎን፣ የወለቀ መስተዋት
ለቅሜ ኪሴ እከታለሁ፤ ማታ ጋራዥ ይጣራል ማን ምን እንደ ጎደለበት።
ዱካሞ መንገዱን ያውቃል፤
እኔ የማውቀው ሰው የት ላይ እንደሚዝል።

ጠዋት፣ የሐዋሳ ባጃጅ ገና ሳይንጫጫ፣
ጥቁር ውኃን ተሻግረን፣ አስፋልቱን ትተን፣ በሐይቁ ማዶ አቅጣጫ።
በስተግራ አንድ አጥማጅ መረቡን ሲያራግፍ
ቀና ብሎ ያየናል፤ አይፈርድም፣ አያደንቅም፤ እንደ ዝንብ መንጋ እስክናልፍ።
መሬቱ እዚያ ሌላ ነው፤ ጥንት ተራራ የተፋው፣
ጠጠሩን ሐይቅ ብትወረውረው የሚንሳፈፍ እንጂ የማይጠፋው፤
ጎማ ሲነካው የሚሸሽ፣ እግር ሲቆምበት የሚውጥ።
«ደረቅ ውኃ ነው» ይላል ዱካሞ፤ «አጥብቆ የጨበጠ ነው የሚሰምጥ።
ጎማ አትዩ። ዐይናችሁን እዚያ ግራሩ ላይ አስቀምጡ።
ስትፈሩ ፍሬን አትንኩ። ስትፈሩ ነዳጅ ስጡ።»
ቀላል ነው ሲናገሩት።
እሱም የተማረው እግሩ በተሰበረ ለት።

ያን ቅዳሜ አራት ነበሩ፤ ሦስቱ የባንክ ልጆች፣ አራተኛዋ እትዬ ትርሲት፣
ጡረታ የወጡ አዋላጅ፤ ዕድሜያቸው ስልሳ ሁለት።
ሻሻቸውን ሳያወልቁ ሄልሜቱን ከላይ የደፉ፣
በመጀመሪያው መቶ ሜትር ሁለቴ የተነጠፉ።
አነሣኋቸው። «እንመለስ ይሆን?» ብል፣
«ምጥ በአንድ መግፋት አያልቅም» አሉኝ፣ እኔኑ እንደ ማባበል።

ሦስተኛው ላይ ቆዩብኝ።
ስደርስ ሞተሩ በጎኑ ተኝቶ፣ የኋላ ጎማው አየር ይፈጫል።
እሳቸው በጉልበታቸው፤ እጃቸው አሸዋ ይምሳል፤
ጉንጫቸው ላይ እንባም ላብም አንድ ጭቃ ሠርቷል።
«ምን ጠፋብዎ?» «ቁልፍ።» «ቁልፉማ ሞተሩ ላይ አለ።»
«የዚህ አይደለም፤ የሌላ። አንገቴ ላይ ነበር፤ ቋጠሮው ላልቶ ኮበለለ።

«ባሌ የወባ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ቀይ ሞተር ሰጥተውት
ረግረግ ለረግረግ፣ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ፣ መድኃኒት ሲረጭ የዋለበት።
እኔ ከኋላ ነኝ፤ በጎን ተቀምጬ፣ አንድ እጄ ቀሚሴ ላይ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ከጀርባው ሌላ ሳላይ።
‹አንድ ቀን አስነዳኝ› ስለው፣
‹የመንግሥት ንብረት ነው› ይላል። መልሱ ይኸው ነው፣ ይኸው።
ሲሞት መጥተው ተረከቡ፤ ፈረምኩ፤ ወንበሩ ገና የኔን ቅርጽ እንደያዘ።
ትርፍ ቁልፉ ግን ጓዳ ቀረ፤ ማን አስታወሰ፣ ማን አዘዘ።»

ተንበረከክን። አሸዋውን በመዳፍ እንደ ጤፍ አንፍሰን
ያገኘነው የአሣ እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ብሎን።
ዱካሞ ከማዶ ክላክስ ነፋ፤ ደገመ። «ተወው» አሉ፣ ጉልበታቸውን አራግፈው፤
«የመንግሥት ንብረት አይደል? መንግሥት ይፈልገው።»

ሞተሩን አቀናሁላቸው። ወጡ።
ዐይናቸውን ግራሩ ላይ አስቀመጡ።
ጭራው ተወዛወዘ፣ ልጥልዎ አለ፤ ፍሬን አልነኩም። ነዳጅ ሰጡ።
ግራሩ ሥር የባንክ ልጆች ስልካቸውን ደግነው፣
ዱካሞ ጓንቱን ከፍ አድርጎ «እዚህ ቁሙ» ሊል ነው።
አልቆሙም። በአጠገቡ እልም፤
መሪ እንዲህ ሲታለፍ አይቼ አላውቅም።

ሥራዬ ጀርባ ማየት ነው፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤
ፎካሪውም ፈሪውም ጀርባ ከሩቅ ነው የሚለየኝ።
ያን ለት ግን አቧራው መሐል፣ መርገጫው ላይ የቆመ ጀርባ፣
ከሄልሜቱ ሥር ያመለጠ የሻሽ ጫፍ ሲርገበገብ፣ ዳገቱን ወጥቶ ማዶ ሲገባ።
ልደርስበት አልፈለግሁም።

ዛሬም እዚያ ጋ ስደርስ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፤
የሚያብለጨልጭ ካየሁ እወርዳለሁ።
እስካሁን ሁለት የቢራ ቆርኪ አንሥቻለሁ።